ጉትቻው ጥንድ እንዲሆን፦ እኩል የሽቦ ቀለበት እንዴት ይሠራል?



“ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል” ይላሉ አበው። ይህ አባባል ለሸንጎ ብቻ የተነገረ ይመስለናል እንጂ ለእጅ ሥራም ይሠራል። እዚህ ካኩማ ውስጥ ዶቃና ሽቦ እያገጣጠሙ ጉትቻ፣ ሐብልና አምባር የሚሠሩ እናቶች፣ እህቶችና ወጣቶች ጥቂት አይደሉም። የዶቃው ምርጫ ያማረ፣ የቀለሙ አቀማመጥ የተዋጣለት ሆኖ ሳለ ዕቃው ከገዢ እጅ ሲመለስ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ አንዲት ትንሽ ነገር ናት፤ እሷም ዶቃውን የምታንጠለጥለው የሽቦ ቀለበት ናት።

አንዲት የሰፈራችን እናት ሃያ ጥንድ ጉትቻ ለነጋዴ አስረክባ ዘጠኙ ተመለሱባት። የተነገራትም “ዶቃው ቆንጆ ነው፤ ግን አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ብሎ ይንጠለጠላል” የሚል ነበር። ዘጠኝ ጥንድ ማለት ለእሷ የሳምንት ከሰል፣ ሳሙናና የልጆች ደብተር ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 የዓለም የምግብ ፕሮግራም በገንዘብ እጥረት ምክንያት ራሽኑን ክፉኛ ከቀነሰ ወዲህ ደግሞ በእጅ ሥራ የምትገኝ ሽልንግ ለብዙ ቤት የሽሮና የዘይት መግዣ እንጂ የትርፍ ጊዜ ገቢ አይደለችም። ስለዚህ የዛሬው ርእሳችን ይህችው ቀለበት ናት። ጥበቡ ተሰጥኦ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ልክ፣ ምልክትና ትዕግሥት ብቻ ነው።

ቀለበት ስንል ምን ማለታችን ነው?

የጣት ቀለበት ማለታችን አይደለም። ከዶቃው በላይ ወይም በታች ሽቦው ተጠቅልሎ የሚሠራውን ትንሽ ዐይን ማለታችን ነው። ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው ተራ ቀለበት ነው፤ ሽቦው አንዴ ዞሮ ጫፉ ግንዱን ሲነካ ያበቃል። ሁለተኛው ጥምጥም ቀለበት ነው፤ ሽቦው ከዞረ በኋላ አንገቱ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ይጠመጠማል። ሦስተኛው መገጣጠሚያ ቀለበት ነው፤ ብቻውን ክብ ሆኖ ተቆርጦ ሌሎቹን ክፍሎች ያያይዛል።

ለምን እኩል አይሆንም?

ምክንያቱ ሦስት ነው።

የመጀመሪያው ፒንሳው ነው። ለዚህ ሥራ የምንጠቀምበት ክብ አፍ ፒንሳ አፉ እንደ ካሮት ነው። ጫፉ ላይ ቀጭን፣ ወደ ሥሩ ሲሄድ ወፍራም ነው። ሽቦውን ጫፉ ላይ ከጠቀለላችሁት ትንሽ ቀለበት፣ ትንሽ ገባ አድርጋችሁ ከጠቀለላችሁት ትልቅ ቀለበት ይወጣል። የሁለት ሚሊሜትር ልዩነት በዐይን ያስታውቃል። እጃችሁ በየጊዜው ሌላ ቦታ ከያዘ ቀለበቱም በየጊዜው ሌላ ይሆናል።

ሁለተኛው የሽቦው ርዝመት ነው። ፒንሳውን አንድ ቦታ ብትይዙም አንዱን ጫፍ በ8 ሚሊሜትር፣ ሌላውን በ11 ሚሊሜትር ከቆረጣችሁት አንዱ ሳይገጥም አፉን ይከፍታል፣ ሌላው አልፎ ይደራረባል።

ሦስተኛው የሽቦው ጥንካሬ ነው። ሽቦ በታጠፈና በተቃና ቁጥር እየጠነከረ ይሄዳል። የደረቀ ሽቦ ከታጠፈ በኋላ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ለስላሳው ግን ባለበት ይቀራል። ከሁለት ጥቅል የተወሰደ ሽቦ በአንድ ጉትቻ ላይ ሲቀላቀል የምናየው ልዩነት ከዚህ ይመጣል።

ትንሽ ሒሳብ

መምህር ስለሆንኩ ሒሳብ ሳላስገባ አላልፍም። ግን ስድስተኛ ክፍል የተማርነው የክብ ዙሪያ ነው፣ አትፍሩት።

የሚያስፈልገው ሽቦ = 3.14 × (የመጠቅለያው ውፍረት + የሽቦው ውፍረት)

የሽቦውን ውፍረት ለምን እንደምራለን? ልጆች በክብ ሜዳ ዙሪያ ጎን ለጎን ተያይዘው ሲሮጡ አስቡ። በውጪ በኩል ያለው ብዙ ይሮጣል፣ በውስጥ ያለው ጥቂት ይሮጣል፣ መካከለኛው አማካዩን ይሮጣል። ሽቦም ሲጠቀለል ውጪው ይለጠጣል፣ ውስጡ ይጨመቃል፣ መካከሉ ግን እንዳለ ይቀራል። የምንለካው መካከሉን ነው ማለት ነው።

ለጉትቻ ብዙ ጊዜ የሚመቸው 0.8 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ሽቦ ነው። በእሱ ሲሰላ እንዲህ ይሆናል፦

መጠቅለያው 2 ሚሊሜትር ከሆነ፦ 9 ሚሊሜትር ሽቦ
መጠቅለያው 3 ሚሊሜትር ከሆነ፦ 12 ሚሊሜትር ሽቦ
መጠቅለያው 4 ሚሊሜትር ከሆነ፦ 15 ሚሊሜትር ሽቦ

“ታዲያ የሽቦውን ውፍረት በምን እንለካለን? መሣሪያው የለን!” ትሉ ይሆናል። ሽቦውን እርሳስ ላይ አሥር ጊዜ፣ ሳይደራረብና ክፍተት ሳይኖረው አጥብቃችሁ ጠምጥሙት። ከዚያ የጥምጥሙን ርዝመት በማስመሪያ ለክታችሁ ለአሥር አካፍሉት። 8 ሚሊሜትር ከመጣ ሽቦው 0.8 ነው። የልጆች ማስመሪያ ይበቃል።

ፒንሳው ላይ ምልክት ማድረግ

በብስክሌት ጎማ ውስጥ የሚወጠረው ቀጭን ብረት አብዛኛውን ጊዜ 2 ሚሊሜትር ነው። የሹራብ መሥሪያ መርፌ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ቁጥሩ በላዩ ተጽፎበታል፤ ቁጥሩ በሚሊሜትር ከሆነ 3 የሚለው 3 ሚሊሜትር ነው። አንድ ቀለበት በብስክሌቱ ብረት ላይ ጠቅልላችሁ ሥሩ፣ አውጡት። ከዚያ ያንን ቀለበት በክብ አፍ ፒንሳው አንድ ጥርስ ላይ አጥልቁት። ቀለበቱ ወርዶ የሚቆምበት ቦታ የ2 ሚሊሜትር ቦታችሁ ነው። እዚያ ላይ በማርከር መስመር አስምሩ። ማርከሩ በላብ ስለሚለቅ በየጠዋቱ አድሱት፤ ወይም በሞረድ ጥርስ ቀስ ብላችሁ በጣም ቀጭን ጭረት አድርጉበት። ጭረቱ ጥልቅ ከሆነ ግን ሽቦውን ስለሚያቆስል ተጠንቀቁ።

ከዚህ በኋላ ሁሉም ቀለበት በዚያች መስመር ላይ ብቻ ይሠራል። ሌላ መጠን ከፈለጋችሁ ሌላ መስመር አስምሩ። ክብ አፍ ፒንሳ የሌላችሁ ደግሞ እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትቀመጡ፤ ያው የብስክሌት ብረት ወይም ራሱ የተቆረጠና የለሰለሰ ሚስማር እንጨት ላይ ተተክሎ ያገለግላል። እንዲያውም ከላይ እስከ ታች ውፍረቱ አንድ ስለሆነ ለጀማሪ ከፒንሳው ይሻላል።

አሠራሩ ደረጃ በደረጃ

1. ሽቦውን አቅኑ። ጨርቅ አጥፋችሁ በሁለት ጣት መካከል ይዛችሁ ሽቦውን ሁለት ሦስት ጊዜ ጎትቱት። ደጋግማችሁ አትጎትቱ፣ ይደርቃል።

2. ጫፉን ለጥ አድርጋችሁ ቁረጡ። የመቁረጫ ፒንሳ አንዱ ጎኑ ጠፍጣፋ፣ ሌላው ጎኑ ሾጣጣ ነው። ጠፍጣፋው ጎን ሁልጊዜ ወደምትጠቀሙበት ሽቦ ይዙር። ሾጣጣው ወደ ሥራው ከዞረ ጫፉ እንደ መርፌ ይሾልና ቀለበቱ ሲዘጋ አይገጥምም፤ የሴቲቱንም ፀጉርና ነጠላ ይይዛል።

3. ዶቃውን አስገብታችሁ ሽቦውን ልክ ከዶቃው አናት ላይ ወደ ጎን እጠፉት። እጥፋቱ እንደ ቤት ማዕዘን፣ ማለትም 90 ዲግሪ ይሁን። ይህችን ደረጃ የሚዘሏት ብዙ ናቸው። እጥፋቱ ከሌለ ቀለበቱ ከዶቃው መሐል ወጥቶ አንድ ጎን ላይ ይንጠለጠላል፣ የእንግሊዝኛውን ፒ ይመስላል። ትክክለኛው ቀለበት እንደ ዐይኑ “ዐ” ክብ ሆኖ በዶቃው አናት መሐል ላይ ይቀመጣል።

4. ከእጥፋቱ ጀምሮ 9 ሚሊሜትር ለክታችሁ ቁረጡ። በየጊዜው በማስመሪያ መለካት ያሰለቻል። ስለዚህ ከጄሪካን ቁራጭ ላይ 9 ሚሊሜትር ስፋት ያላት መለኪያ ቆርጣችሁ አዘጋጁ። መለኪያዋን እጥፋቱ ላይ አስደግፉ፣ ከጠርዟ አሳልፋችሁ ቁረጡ። ሁሉም እኩል ይወጣል።

5. የሽቦውን ጫፍ በመስመሯ ላይ ያዙ። ጫፉ ከፒንሳው ጥርስ ብቅ ማለት የለበትም። በሌላ እጃችሁ ጣት ስትዳስሱት ጫፉ እንዳይሰማችሁ፣ ግን ገብቶም እንዳይቀር አድርጉ። ጫፉ ብቅ ካለ ቀለበቱ እንባ ቅርጽ ይይዛል።

6. የእጃችሁን አንጓ አዙሩ፤ አትጎትቱ። ግማሽ ዙር ከሄደ በኋላ እጃችሁ አይበቃም። ፒንሳውን ለቀቅ አድርጋችሁ፣ ከቀለበቱ ሳታወጡ መልሳችሁ አስተካክሉና ቀሪውን አዙሩ። ጫፉ እጥፋቱን ሲነካ ቁሙ።

7. ዝጉት። ሽቦ ወደ ኋላ ስለሚመለስ አፉን በጥቂቱ አሳልፋችሁ ገፍታችሁ መልሱት። ወዲያና ወዲህ አንድ ሁለት ጊዜ ስታንቀሳቅሱት ጫፎቹ ሲገጣጠሙ ጠቅ የሚል ይሰማችኋል። ከዚያ ጥፍራችሁን አፉ ላይ አሳልፉ። ጥፍር ከያዘ አልተዘጋም፤ ዶቃው አንድ ቀን ገበያ መሐል ይወድቃል።

ዶቃው ከላይም ከታችም ቀለበት ካለው ሁለቱ በአንድ አቅጣጫ መተኛት አለባቸው። አንዱ ወደ ፊት፣ አንዱ ወደ ጎን ካየ ጉትቻው ይጣመማል። የታችኛውን በፒንሳ፣ የላይኛውን በሌላ ፒንሳ ይዛችሁ ቀስ ብሎ ማዞር ያስተካክለዋል።

ሌላው ትልቅ ነገር አከፋፈት ነው። የተሠራ ቀለበት ሲከፈት እንደ በር ነው የሚከፈተው፤ አንዱ ጫፍ ወደ እናንተ፣ ሌላው ከእናንተ ወዲያ። ግራና ቀኝ እየሳቡ ማላቀቅ ግን ክቡን እንቁላል ያደርገዋል፣ ከዚያ በኋላ ተመልሶ ክብ አይሆንም።

ጥምጥም ቀለበት መቼ?

ከባድ ዶቃ፣ የአንገት ሐብል፣ እንዲሁም ልጅ የሚጎትተው ነገር ሁሉ ጥምጥም ይፈልጋል። ሽቦው ለስላሳና ከ0.6 በታች ቀጭን ከሆነም ተራ ቀለበት አይበቃውም። አሠራሩ እንዲህ ነው። ከዶቃው በላይ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር አንገት ተዉ፤ አንገቱን በቀጭን አፍ ፒንሳ ይዛችሁ ከላዩ እጠፉ፤ በመስመሯ ላይ ቀለበቱን አዙሩ፤ ከዚያ የቀረውን ሽቦ ወደ ዶቃው እያወረዳችሁ ጠምጥሙ።

ስንት ሽቦ ያስፈልጋል? ለቀለበቱ 9 ሚሊሜትር፤ ለእያንዳንዱ ጥምጥም 5 ሚሊሜትር ያህል፣ ሦስት ጊዜ ከሆነ 15። በጣት ለመያዝ ሌላ 15 ጨምሩ። በድምሩ 4 ሴንቲሜትር ያህል ነው። የጥምጥሙ ቁጥር በሁሉም ላይ አንድ ይሁን። በአንዱ ሁለት፣ በሌላው አራት ከሆነ ቀለበቱ እኩል ሆኖም ጉትቻው እኩል አይንጠለጠልም።

መገጣጠሚያ ቀለበት

ይህ ከሁሉ ቀላሉ ነው፤ ምክንያቱም አንድ በአንድ አይሠራም። ሽቦውን በሹራብ መርፌ ወይም በብስክሌት ብረት ላይ ሃያ ሠላሳ ጊዜ አጥብቃችሁ እንደ ምንጭ ጠምጥሙ፣ አውጡትና በአንድ መስመር እየተከተላችሁ ቁረጡ። ሁሉም ከአንድ እናት እንደወጡ እኩል ይሆናሉ። በእያንዳንዱ ቁርጥ ላይ አንዱ ጫፍ ሾጣጣ ስለሚቀር መቁረጫውን ገልብጣችሁ ያቺን ሹል ማስወገድ አትርሱ። የተቆረጠ ሽቦ ይፈናጠራል። ስትቆርጡ ወደ መሬት አድርጋችሁ በመዳፍ ሸፈን አድርጉት፣ ሕፃናትንም አርቁ።

ስለ ሽቦው

ብዙዎቻችን የምንሠራው ከኤሌክትሪክና ከስልክ ገመድ በሚወጣ መዳብ ነው። ሁለት ማሳሰቢያ አለን።

አንደኛ፣ የገመዱን ፕላስቲክ አቃጥላችሁ መዳቡን አታውጡ። የፕላስቲኩ ጭስ መርዝ ነው፤ ሳንባ ይጎዳል። ፕላስቲኩን በምላጭ በርዝመቱ ሰንጥቃችሁ ላጡት፤ ምላጩም ከእጃችሁ ወዲያ ይሂድ። ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ገመድም አትግዙ። የተሰረቀ ገመድ መብራታችንን የሚያጠፋ፣ ገዢውንም ለጣጣ የሚዳርግ ነው።

ሁለተኛ፣ የደረቀ መዳብ በእሳት ይለሰልሳል። ፍም ላይ አድርጋችሁ ደብዘዝ ያለ ቀይ ሲሆን በፒንሳ አንስታችሁ ውኃ ውስጥ ንከሩት። የሚጠቁረውን በሎሚና በጨው እሹት፣ በውኃ አለቅልቁት። በላዩ ቀለም ወይም ፕላስቲክ የተቀባ፣ እንዲሁም እንደ አጥር ሽቦ ዚንክ የተለበጠ ብረት ግን እሳት ላይ አይደረግም። የዚንክ ጭስ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ያመጣል።

ከአዲስ ጥቅል ከመጀመራችሁ በፊትም ሁለት ቀለበት ለሙከራ ሥሩ። አፉ ከከፈተ ሽቦው ደርቋል ማለት ነው፤ አለስልሱት ወይም ርዝመቱን በትንሹ አስተካክሉ። አንድ ጥንድ ጉትቻ ሁልጊዜ ከአንድ ጥቅል ይሠራ።

ቁጠባውንም እንቁጠረው። ባለ ሁለት ቀለበት አንድ ጉትቻ 3 ሴንቲሜትር ሽቦ ቢወስድ ጥንዱ 6 ሴንቲሜትር ነው። ከ10 ሜትር ሽቦ 166 ጥንድ ይወጣል። በየቀለበቱ ግማሽ ሴንቲሜትር ያለ ልክ ቆርጠን ብንጥል ግን ጥንዱ 8 ሴንቲሜትር ይሆንና 125 ጥንድ ብቻ እናገኛለን። 41 ጥንድ መሬት ላይ ተጥሎ ቀረ ማለት እኮ ነው!

በቡድን ለሚሠሩ

ትልልቅ ትዕዛዞች የሚመጡት አንድን ነገር በብዛትና በአንድ ዓይነት ለሚሠሩ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን የስደተኞችን የእጅ ሥራ ለዓለም ገበያ የሚያቀርብበት ሜድ 51 የሚባል ሥራ አለው። 51 የሚለው ቁጥር የመጣው ከ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት ነው። እንዲህ ያለ ገበያ ውስጥ ገዢው የሚያየው ናሙናውን ነው፤ መቶኛውም እንደ መጀመሪያው እንዲሆንለት ይፈልጋል።

አምስት ሰው አምስት ፒንሳ ይዞ እያንዳንዱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቢሠራ አምስት ዓይነት ጉትቻ ይወጣል። ይልቅ ሥራውን በደረጃ ተከፋፈሉ። አንዷ ታቅናና ትቁረጥ፣ አንዷ ትጠፍ፣ አንዷ ቀለበቱን ታዙር፣ አንዷ ትዝጋና ትፈትሽ። ቀለበቱን የምታዞረው አንድ ሰው፣ ፒንሳውም አንድ ከሆነ ልዩነቱ በአብዛኛው ይጠፋል። ተራ መቀያየር ካስፈለገ ጥንድ በጥንድ ጨርሳችሁ ይሁን። በግራ እጇ የምትሠራ እህት ካለች ቀለበቷ በተቃራኒ ይዞራል። ስህተት አይደለም፤ ግን የእሷ ሥራ ከእሷው ሥራ ጋር ብቻ ይጣመር።

ለፍተሻ ቀላል ዘዴ አለ። የተሠሩትን ሁሉ በአንድ ቀጥ ያለ ብረት ላይ ደርድራችሁ ወደ ብርሃን አንሱት። ዶቃዎቹ በአንድ መስመር ከተሰለፉ ጥሩ ነው። ከመካከላቸው ዝቅ ወይም ከፍ ያለው ወዲያው ይታያል። ገዢው ከማየቱ በፊት እናንተ እዩት። ናሙናችሁንም ካርቶን ላይ ሰፍታችሁ፣ የሽቦውን ውፍረት፣ የመስመሯን መጠንና ርዝመቱን ጽፋችሁ አስቀምጡ። ከስድስት ወር በኋላ ያው ትዕዛዝ ሲመጣ ከዜሮ አትጀምሩም።

ሰዓትም ምረጡ። በቀትር ሙቀት ላብ ፒንሳውን ያንሸራትታል፤ በምሽት በደካማ መብራት ደግሞ ዐይን ይደክማል። ጠዋትና ከአሥር ሰዓት በኋላ ያለው ብርሃን ለዚህ ሥራ ይስማማል። በየግማሽ ሰዓቱ እጃችሁን አፍታቱ። “የቸኮለ አፍሶ ለቀመ” የሚለው ተረት ዶቃ ለሚሠራ ሰው ቃል በቃል እውነት ነው።

ስለ ሙያው

በመጨረሻ አንድ ነገር እናንሳ። በአገራችን ብረትና ብር የሚሠራው ሰው ምን ይባል እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። መስቀሉን በአንገታችን አሥረን፣ የጠገራ ብር ጌጡን ለሙሽራ አድርገን፣ የሠራውን አንጥረኛ ግን “ቀጥቃጭ” ብለን ከማዕዳችን አርቀናል፤ ቡዳ ብለንም ፈርተነዋል። ሥራውን እየወደዱ ሠሪውን መናቅ ትልቅ ግፍ ነው። ዛሬ በስደት ምድር ያው ሙያ ቤት ሲያቆም፣ ልጅ ሲያስተምር እያየን ነው። ጎረቤቶቻችን የቱርካና እናቶች ደግሞ ዶቃቸውን በኩራት በአንገታቸው ደርድረው ይሄዳሉ፤ ከእነሱም የምንማረው ብዙ ነው። አንዳንድ ወጣቶች “ሽቦ መጠምዘዝ ደግሞ ምን ሙያ ነው?” ሲሉ ይሰማል። ሙያ ማለት አንድን ነገር መቶ ጊዜ አንድ ዓይነት አድርጎ መሥራት መቻል ነው። አንዴማ ማንም ይሠራዋል።

ለመለማመድ ውድ ሽቦ አትጠቀሙ። ቁርጥራጭ ሰብስባችሁ በቀን ሃያ ቀለበት ሥሩ፣ በብረቱ ላይ ደርድሩ፣ ከትናንቱ ጋር አስተያዩ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ እጃችሁ ራሱ ልኩን ያውቀዋል። መስመሯንና መለኪያዋን ግን ያኔም አትጣሉ።

መልካም ሥራ፣ መልካም ገበያ!